ማተብ ያሰረው አውራ ዶሮ

ሐምሌ 4 ቀን 1959

ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሦስቱም ልጆቼ ቤት ናቸው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ የወጨጫን ተራራ ሸፍኖታል፤ የት ይሂዱ? ብዙነህ የአባቱን ጫማ የጅማ አውቶብስ አድርጎ ወለሉ ላይ ሲነዳ ዋለ። ተሳፋሪዎቹ ድንች ናቸው። "ተጂ! ተጂ! ተጂ ወራጅ!" ይላል። ትንሿ የሺ አንዱን ድንች ተቀብላ አወረደችውና... ነከሰችው። ጥሬውን።

መስከረም መቼ ነው?

ሐምሌ 9

ዘዴ አገኘሁ። ምስር በሰፌድ አፍስሼ "ጠጠሩን ልቀሙልኝ" አልኳቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። ተመስገን... ግን ቶሎ ጨረሱ። ዞር ሲሉ ያወጡትን ጠጠር መልሼ ቀላቀልኩት።

ሐምሌ 10

ዛሬም ምስር። ትልቋ ልጄ ፀሐይ አንዲት ጠጠር አንስታ ወደ መስኮቱ ይዛት ሄደች።

"እማዬ፣ ይቺን ትናንት አውጥቻት ነበር።"

"ሌላ ናት።"

"አይደለችም። ጫፏ ቀይ ነው።"

ገና ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አድጋ ዳኛ ትሆናለች። እኔን ነው መጀመሪያ የምታስረው።

ሐምሌ 21

ጎረቤታችን ኦቦ ደገፋ ለእንቁጣጣሽ የሚሆን አውራ ዶሮ አመጡልኝ። በዓሉ ሲቃረብ ይወደዳል፣ ካሁኑ ያዢ ብለው። ቀይ ነው፣ ደረቱ ጥቁር። "ኩን ጋሪ ዳ፣ ይሄ ጥሩ ነው" እያሉ ክንፉን ሲገልጡ በምንቃሩ ወጋቸው። እጃቸውን እያሹ "በጣም ጥሩ ነው" አሉ።

ለልጆቹ "እናንተ ቀልቡልኝ፣ ሥራ ይሁናችሁ" አልኳቸው። ምነው ያኔ አፌን በያዘኝ።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ሁሉም እንጾማለን አሉ፣ የሺም ጭምር። "እስከ ስንት ሰዓት?" ብላት "እስኪርበኝ" አለች።

ነሐሴ 5

ከገበያ ስመለስ ከግቢው ዝማሬ ሰማሁ። ብዙነህ ነጠላዬን እንደ ካባ ደርቧል። የኦቦ ደገፋ ልጅ ጃራ የባሌን የተሾመን ጃንጥላ ዘርግቶ ይዟል። በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውኃ ሞልተዋል። ዶሮውን ሦስት ጊዜ ነከሩት። አስነጠሰ። ዶሮ እንደሚያስነጥስ አላውቅም ነበር።

ክርስትና እያነሱት ነው! ጃራ የክርስትና አባት ነው። "እህቱ ድንቅቱ እኔ ልሁን ብላ ነበር" አለች ፀሐይ፣ "ዶሮው ወንድ ስለሆነ አይሆንም አልናት።" ሥርዓት ታውቃለች። አንገቱ ላይ ማተብ ሳይቀር አስረውለታል፣ ጥቁር ክር፣ ከስፌት ሳጥኔ የተሰረቀ።

ሳቄ መጣ። "ማን ተባለ?" አልኩ።

ተያዩ።

"ውቤ!" አለች የሺ።

ዘንቢሉን እዚያው አስቀመጥኩ። ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ነሐሴ 6

ውብአየሁ ልጄ። ስድስት ዓመቱ ነበር። በሚያዝያ ሳል ጀመረው፣ ከዚያ ትኩሳት... ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ስሙ አልተጠራም። ማንም አትጥሩት አላለም። ተሾመም አይጠራውም። እኔስ ምን ሆኜ ነው? ጠርቼው "አቤት" ሳይለኝ ቢቀርስ? እሱን ነው የምፈራው።

ነሐሴ 8

ቀኑን ሙሉ! "ውቤ ገብስ በላ!" "ውቤ ከድንቅቱ ጋር ተጣላ!" "እማዬ፣ ውቤ አልጋሽ ላይ ኩሱን ጣለ!"

ጨርቅ ይዤ ስጠርግ... ሳቅኩ ወይስ አለቀስኩ? ሁለቱም መሰለኝ።

"ስሙን ቀይሩት" አልኩ።

ብዙነህ ስምንት ዓመቱ ነው። እንደ ቄስ ጉሮሮውን ጠረገ። "ክርስትና ሁለቴ አይነሳም፣ እማዬ።"

ነሐሴ 13

ቡሄ። ትናንት ሆያ ሆዬ ሲዞሩ ዶሮውንም ይዘውት ዞሩ። ሙልሙል ይዘው፣ ስሙኒም ይዘው መጡ። ጅራፍ ሲጮህ ደንግጦ ጃራ ራስ ላይ ወጣ አሉ። ይቻለዋ፣ የክርስትና አባቱ አይደል?

ነሐሴ 17

ትናንት ፆም ተፈታ። የነፍስ አባታችን መምሬ ገብረየስ ጠበል ሊረጩ መጡ። ልጆቹ መስቀል ተሳለሙ፤ ዶሮውንም አምጥተው አሳለሙት። መምሬ ነገሩን ሲሰሙ ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ።

"ጨዋታ ነው እንጂ ክርስትና አይደለም። ይታረዳል።"

"ማተብ እንዳሰረ?" አለ ብዙነህ።

"ፍቱለታ!"

"አንቱ ይፍቱት" አለች ፀሐይ። ዶሮውን አቅፋ አንገቱን አቀረበችላቸው። መምሬ እጃቸውን ሰደዱ... መለሱት። እንደገና ሰደዱ።

"እኔ እንኳ... የሰው ማተብ ፈትቼ አላውቅም" አሉ።

የሰው አሉ!

ልሸኛቸው ስወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ወለተ ማርያም፣ አንቺስ ምን ብለሽ ነው የምትጠሪው?" አሉኝ።

"እሽ ነው የምለው፣ አባ።"

መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ለልጄ ፍትሐት ያደረሱት እሳቸው ናቸው።

ነሐሴ 26

ተሾመ ያለ ዶሮ ወጥ ዓመት አይለወጥም ብሎ ቢላ ሳለ። ማተብ ብሎ ነገር አላውቅም አለ። ቆየት ብዬ ማድ ቤት እንጨት ላመጣ ስሄድ በበሩ ቀዳዳ አየሁት። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ገብስ በእጁ ያበላዋል። "ውቤ፣ ዛሬ አለቃዬ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?" ይለዋል።

እንጨቱን ሳላመጣ ተመለስኩ።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። የዛሬ ዝናብ ጠበል ነው። ልጆቹ ልብሳቸውን ጥለው ወጡ፣ ዶሮውም አብሮ። ጭቃና ጩኸት። ሲያባራ ግን... ዶሮው የለም።

አጥር ሥር፣ ወንዙ ዳር፣ እስከ ጅማ መንገድ ድረስ። "ውቤ! ውቤ!" ድምፃቸው እስኪዘጋ ጠሩት። የሺ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

"ውቤ እንደገና ሞተ" አለች።

ምን ልበላት? ነጠላ እንኳ ሳልደርብ አጥሩ ጥግ ሄጄ ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። ከዚያ ወጣ።

"ውቤ! ውብአየሁ! ና ልጄ፣ መሸ!"

ልጆቹ ወደኔ ዞሩ። ተሾመ ከቤት ወጥቶ በሩን ተደግፎ ቀረ። ደግሜ ጠራሁ። ደግሜ። ለካ አፌ አልረሳውም...

"አቤት" ያለኝ የለም። እኔም ቆሜያለሁ፣ አልወደቅኩም።

ከአጥሩ ማዶ ኦቦ ደገፋ ጮኹ። "ኮቱ! ነይ! እዚህ ነው ያለው!"

ሮጥን። ዶሮው እሳቸው ቆጥ ላይ፣ በሴቶቹ ዶሮዎች መሀል፣ ማተቡን እንዳሰረ ተኮፍሷል።

"ሦስት ሚስት አገባ እኮ" አሉ ኦቦ ደገፋ። "ክርስቲያን ነው አላላችሁም እንዴ?"

መስከረም 1 ቀን 1960

የዓመት በዓል ምሳ፣ ምስር ወጥ። ቢላው ተስሎ ተቀምጦ ዶሮው ከጠረጴዛው ሥር ፍርፋሪ ይለቅማል። ተሾመ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲያኝክ ቀጭ አለበት። ጠጠር! ፀሐይ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ይዛት ሄደች።

"ጫፏ ቀይ ነው" አለች። እኔን እያየች።

በዚህ መሀል ዶሮው ዘሎ አልጋው ላይ ወጣ። "ውቤ! ውረድ ከዚያ!" አልኩት። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። ብዙነህ ጉርሻውን ይዞ ፈራ ተባ አለ።

"እማዬ... ያኛው ውቤ፣ አልጋ ሲያረጥብ 'ድመቷ ናት' ይል ነበር። ታስታውሻለሽ?"

እንዴት እረሳዋለሁ።

"ድመት እኮ ኖሮን አያውቅም!" አልኩ። የሺ ሳቀች፣ ፀሐይ ሳቀች፣ ምስሩ ከብዙነህ አፍንጫ ወጣ።

"ስምም አውጥቶላት ነበር" አለ ተሾመ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

ማን ነበር ስሟ? አንዱ ዳማ ናት ይላል፣ አንዱ አይደለችም። እሱ የነገረኝ እኔን ነው፣ አይ እኔን ነው... እስኪመሽ ስለ ውቤ ተከራከርን።

ነገ ያንን ምስር እንደገና አስለቅማለሁ። ያቺን ጠጠር ግን ፀሐይ አልመልስም ብላለች።