ሦስተኛው ሚስማር ላይ የተሰቀለው ጨርቅ

ለወንድሜ ለግራንት፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሳ እንደ አሮጌ በር ትንቋቋለህ? ሊዛን እንዴት ናት? ልጆቹስ? የዳርዊን ሙቀት ያቺን የቀረችህን ፀጉር ጨረሳት ወይስ ጥቂት ለዘር ተረፈች? እኔ ደህና ነኝ፤ ማለት ሰውነቴ ደህና ነው። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቴን አመመኝ እያለች ከወንበሯ ሳትነሳ ቤቱን በሙሉ በእኔ እግር ታዞራለች። ውሻህም ደህና ነው። ከአንተ ይልቅ እኔን እንደሚወድ ከነገረኝ ቆየ፤ እንዳይከፋህ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ።

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ፈርቼ ነው። ታውቀኛለህ፤ ስፈራ አፌ አያርፍም። ዛሬ የምጽፍልህ ነገር ግን አያስቅም። አንብበህ ስትጨርስ ጋራዡ ውስጥ፣ ሜርቭ ዘንድ መቆየት አለመቆየቴ በአንተ እጅ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ፤ ትምህርት ቤቱ ሊያባርረኝ ሲዘጋጅ ቀድሜ ያባረርኩት እኔ ነኝ።

የሾፌሩን የክላሪ ኖስኬን መሞት ሰምተሃል? ልቡ ነው። ሚስቱ ወይዘሮ ቤሪል ሰኞ ጠዋት ጋራዡ ድረስ መጡና ሜርቭን፣ «ክላሪን ቅዳሜ ወደ መቃብር የሚወስደው የራሱ መኪና ነው። በሰው መኪና አልሸኘውም» አሉት። ከባድ መኪናው ክላሪ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ ታምቢ ቤይ፣ ባሕሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ጎትተው ሲያመጡት ብታየው ታለቅስ ነበር። እነዚያ የአሉሚኒየም የነዳጅ ታንኮች ጨው በልቷቸው፣ ነጭ ዱቄት የተነፋባቸው መስለዋል። ቸርኬዎቹም እንደ ፈንጣጣ ተበሳስተዋል። ሜርቭ በአውራ ጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና፣ «ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ፊትሽን ታይበታለሽ፣ ቤሪል» አላቸው። ቃሉን ሰጠ ማለት ነው።

ሥራውን አራት ዓመት ስለሠራኸው አንተ ታውቀዋለህ። ደብዳቤዬን ለሊዛን ጮክ ብለህ እንደምታነብላት ግን ስለማውቅ ለእሷ ስል ላስረዳ። ሊዛንዬ፣ መጀመሪያ አሉሚኒየሙን ከሻካራው እስከ ለስላሳው ድረስ በብርጭቆ ወረቀት እንፍቀዋለን። ከዚያ ማሽኑ ጫፍ ላይ ክብ ጨርቅ ታስሮ፣ እንደ ሳሙና የደረቀ ሰም እየተቀባ ይወለወላል። ጨርቆቹ ሦስት ናቸው፤ ግድግዳው ላይም ሦስት ሚስማር አለ። አንደኛው ሚስማር ላይ ያለው ጨርቅ የቡናማው ሰም ነው፤ እሱ ይቆርጣል። ሁለተኛው የአረንጓዴው ነው። ሦስተኛው የነጩ ነው፤ የመጨረሻዋን ብርሃን የሚያወጣው እሱ ነው። ከሁለት ቀን ሥራ በኋላ ሦስቱም እንደ ከሰል ስለሚጠቁሩ በዓይን አይለዩም። የሚለያቸው ሚስማሩ ብቻ ነው። ሜርቭም ሳያይ እጁን ዘርግቶ ነው የሚያነሳቸው።

አሁን ወደ እኔ ጉድ እንሂድ። አብሮኝ የሚሠራው ትሬቨር ባለፈው ሳምንት ሻዬ ውስጥ ጨው ጨምሮብኝ፣ ተፍቼ ሳልጨርስ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ዝም ብዬ የማልፍ ይመስልሃል? ትሬቨር ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ሦስተኛውን ጨርቅ ወስዶ የራሱን መኪና ቸርኬ እንደሚወለውል አውቃለሁ። ረቡዕ ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት ያንን ጨርቅ አወረድኩና ቡናማውን ሰም ጠገብ አድርጌ ቀባሁት። እሱ አልበቃ ብሎኝ ከሻካራው ብርጭቆ ወረቀት የረገፈውን ትቢያ ነሰነስኩበትና መልሼ ሰቀልኩት። የትሬቨርን ቸርኬ ድመት ስትቧጭረው፣ እሱም ሲራገም እየታየኝ መንገዱን ሁሉ ብቻዬን ስስቅ ሄድኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሜርቭ ለቁርስ የሥጋ ኬክ ግዢ ብሎ ላከኝ። ስመለስ ኬኩ በእጄ እንዳለ በር ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሜርቭ ጊዜ የለም ብሎ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የግራውን ታንክ ማሳረጊያ ውልወላ ጀምሯል። ማሽኑ ይጮኻል፤ ጫፉ ላይ የታሰረው ደግሞ ያ ጨርቅ ነው፤ ሦስተኛው ሚስማር ባዶውን ተገትሯል።

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ እውነቱን ካልጻፍኩ ደብዳቤው ዋጋ የለውም። በዚያች ሰዓት መጮህ እችል ነበር። ሦስት እርምጃ ሄጄ የማሽኑን ገመድ ከግድግዳው መንቀልም እችል ነበር። ሜርቭ ገና ከታንኩ ግማሹን አልደረሰም። እኔ ግን «ምናልባት አይታይ ይሆናል» አልኩና ኬኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ መጥረጊያ አነሳሁ። የጠረግሁትን ወለል ደግሜ ጠረግሁ።

ሲጨርስ ጥቁሩ ቅባት ሁሉንም ሸፍኖት ነበር። ቅባቱን እንዲመጥ የስንዴ ዱቄት ነሰነስን፣ በጨርቅ ጠራረግን፤ ጥላ ውስጥ የሚያምር መሰለ። ትሬቨር መኪናውን አስነስቶ ወደ ፀሐይ አወጣው። ያኔ ታየ። ታንኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥምዝምዝ ባለ ጭረት ተሞልቷል። ውስጡ ድረስ የገባ ጭረት እንጂ በጨርቅ የሚለቅ አይደለም።

ሜርቭ መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጠረገና መልሶ አደረገው። በአውራ ጣቱ ጥፍር ጭረቱን ዳሰሰው። «ትሬቭ፣ ና እስቲ እየው» አለ። ትሬቨር ልቡ ጥሩ ነውና፣ «ፀሐይዋ ናት ሽማግሌው፣ ታታልላለች» አለው። ሜርቭ፣ «ፀሐይ አይደለችም» አለ። ቀጥሎም፣ «ሐኪሙ ግራ ዓይንህን ሞራ ጀምሮታል ሲለኝ ገና ሁለት ዓመት አለኝ ብዬ ነበር። የለኝም ማለት ነው። ይኸው፣ ስሠራው አላየሁትም» አለ።

አልጮኸም፤ ቢጮኽ በተሻለኝ። የቆዳ ሽርጡን ፈታ፣ አጣጥፎ የመኪናው መወጣጫ ላይ አኖረው። «ዋያላ ከተማ ላለው ሰውዬ ልደውልለት። መኪናውን እሱ ይጨርሰው። የክላሪን ሬሳ በዚህ አልጭንም። ከቅዳሜ በኋላም ትሬቭ፣ መሣሪያዎቹን አንተ ውሰዳቸው» አለ። ሃምሳ ዓመት የሠራ ሰው በአንድ ጠዋት እጁን ሲሰናበት አየሁት። ያሰናበትኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ስልኩ ዘንድ ሄደ። ቁጥሩን ማዞር ጀመረ። አንድ አዞረ፣ ሁለት አዞረ። ብናገር እባረራለሁ፣ ዝም ብል ደግሞ እሱ እንዳበቃለት አምኖ ይኖራል። አራተኛውን ሲያዞር ጉሮሮዬ በራሱ ተከፈተና፣ «አስቀምጠው! ዓይንህ አይደለም፤ እኔ ነኝ!» አልኩ። ድምፄ እንደ ታነቀች ዶሮ ነበር።

ሜርቭ ስልኩን ዘጋ። «ጨርቁን አምጪ» አለኝ። አመጣሁለት። በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ወደ ብርሃኑ ያዘው።

«መቼ?» አለኝ። «ረቡዕ» አልኩ። «ለማን?» «ለትሬቨር።» «ስወለውል አይተሽኛል?» «አይቻለሁ።» «ዝም አልሽ?» «ዝም አልኩ።»

ሽርጡን መልሶ ታጠቀና፣ «ከሦስት መቶ ሃያ ቁጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ጀምሪ። በማሽን አይደለም፤ በእጅሽ» አለኝ።

ትሬቨር ደግሞ፣ «ስሚ አንቺ ጉድ፣ ለእኔ የተዘጋጀ ነገር ለሌላ ሰው ሲደርስ ደስ አይለኝም» አለ። ከዚያ ያንን ግዙፍ ሰውነቱን መሬት ላይ ዘርግቶ አጠገቤ ተቀመጠና ወረቀት አነሳ። ሐሙስ ከሰዓትና ዓርብ እስከ ምሳ ድረስ ፈቅን። የጣቶቼ ጫፍ ተልጦ ወረቀቱን የምንነክርበት ውኃ ቀይ ሆነ። እማዬ እጄን አይታ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ «ሥራ ወደድኩ» አልኳት፤ ውሸቴን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ሜርቭ ሁለቱን ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም፤ በትሬቨር በኩል ነበር የሚያዘኝ፣ አጠገቤ ቆሞ እንኳ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አዲስ ጨርቅ አስሮ ራሱ አሳረገው። ፀሐይ ላይ አወጣነው፤ ደመናው ታንኩ ላይ ሲሄድ ይታይ ነበር። ሜርቭ ረጅም ጊዜ አየው። የዓይኑ ሞራ ውሸት ነው አልልህም፤ አለበት። እጁ ግን እጁ ነው፣ ያንንም አየ። ታንኩን ከያዘው ማሰሪያ ኋላ ያለችውን አንዲት ስንዝር ቦታ ግን ለመፋቅ ጊዜ አልደረሰንም፤ ጭረቷ እንዳለ ቀረች።

ቅዳሜ አርባ የሚሆኑ ከባድ መኪኖች ተሰለፉ። የክላሪን ሬሳ ሳጥን መኪናው ላይ ጫኑት። ወይዘሮ ቤሪል መጡና ታንኩ ፊት ቆመው፣ ፊታቸውን እያዩ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። እኔ ያን ጊዜ መተንፈስ ጀመርኩ፤ ግን አልቆየም። ሾፌሮቹን ታውቃቸዋለህ፤ ሬሳ ፊትም ሆነው አውራ ጣታቸው አያርፍም። አንዱ የክላሪ ጓደኛ ታንኩን እየዳሰሰ፣ እየዳሰሰ ሄዶ ከማሰሪያው ኋላ ቆመ። «ሜርቭ፣ ይሄ ምንድን ነው? ድመት አሳደርክበት?» አለ፤ ሁሉም ሰው ሰማ። አፌን ከፈትኩ። ሜርቭ እግሬን በጫማው ረገጠኝ፣ በደንብ አድርጎ ነው የረገጠኝ። «የእኔ ጋራዥ ሥራ ነው» አለና ወደ መኪናው ወጣ።

ግራንት፣ ሰው ሲያፍር እያየሁ እየሳቅሁ ነው ያደግሁት። ያን ቀን ግን ሽማግሌው አርባ ሾፌር ፊት የእኔን እፍረት ተቀብሎ ሲቆም ሳየው የት እንደምገባ ጠፋኝ።

ከቀብር ስንመለስ ነው የመጀመሪያዋን ቃል የተናገረኝ። «እኔ ዘንድ ስትመጪ ዋስ የሆነሽ ማን ነው?» አለ። «ወንድሜ» አልኩ። «ጻፊለት። ሁሉንም ጻፊለት፣ በር ላይ የቆምሽበትንም ጭምር። ከዚያ አሁንም ዋስሽ መሆን አለመሆኑን ለእኔ ይጻፍልኝ» አለኝ። በስልክ ብነግረው ይፈጥናል ስለው፣ «በስልክ አይሆንም፤ በስልክ ታስቂዋለሽ» አለኝ። እስከዚያው ማሽን አልነካም፤ ወለል እጠርጋለሁ፣ ወረቀት እፍቃለሁ።

ስለዚህ እህቴ ናት ብለህ አትጻፍለት። እማዬም ትለምንህ ይሆናል፣ እሷንም አትስማት። ዋሷ ነኝ ካልክ በል፤ አይደለሁም ካልክም በልና ስምህን ፈርምበት። የጋራዡን ፖስታ ከፖስታ ቤት የማመጣው እኔ ነኝ። የአንተን ደብዳቤዎች በማንቆርቆሪያ እንፋሎት እየከፈትኩ ስንቱን ምስጢርህን እንዳነበብኩ ልንገርህ፦ ሁሉንም። ይችኛዋን ግን እንደታሸገች አምጥቼ ለሜርቭ እሰጠዋለሁ፤ ሲያነባትም አጠገቡ እቆማለሁ።

ሊዛንን በጣም ሳምልኝ፤ ያንን የሾርባ አሠራር አሁንም ትነፍገኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ። ሚክን ጆሮውን ጎትትልኝ፣ ቴስን ደግሞ አክስትሽ ጥርስሽ መብቀሉን ሰምታለች በላት። እማዬ ወገብህን በሙቅ ጨርቅ ያዝ ትላለች። ትሬቨርም ሰላም ይልሃል፤ ከእንግዲህ ሻይውን ራሱ እንደሚያፈላ ንገሪልኝ ብሏል። ውሻህ ግን ሰላምታ አልላከም፤ ተኝቷል።

እህትህ ጆዲ

ፖርት ኦጋስታ፣ እሑድ ኦክቶበር 17 ቀን 1993