ቀዳዳ ያልነበረው ጎማ

ሰኞ

ጎማዋን የማስተነፍሰው እኔ ነበርኩ። ይኸው ጻፍኩት።

ለንስሐ አባቴ እንኳን አልነገርኩም። ሌላ ሌላውን እዘረዝርና ይቺን እዘላታለሁ። የጎማ ነገር ናት፣ እግዚአብሔር በጎማ አይቆጣም እያልኩ።

ባለቤቴ የሺ ሳይክል መንዳት የተማረችው በሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ዳላስ አጠገብ ሪቻርድሰን፣ አፓርታማችን ፓርኪንግ ላይ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ትወጣለች። እኔ አርብ ከሥራ ስገባ በክብሪት እንጨት የጎማውን የአየር ማስገቢያ ጫን አደርገዋለሁ። ብዙ አይደለም። ስትነሳ እንዳታውቅ፣ ትንሽ ሄዳ ግን እንዲከብዳት ያህል። ከዚያ ክዳኗን መልሼ እገጥማለሁ። እየገፋች ትመለሳለች።

ጎማውን የሚሠራላት ሰይድ ነው። ሰይድ የወሎ ሰው ነው፣ ኤርፖርት ታክሲ ስንነዳ የተዋወቅነው፣ እጁ ሳይክል ያውቃል። በነጻ ይለጥፍላታል፣ ይቀይርላታል። ቅዳሜ ደግሞ ይተነፍሳል። ሾፌሮቹ «ሰይድ የነካው ጎማ አያድርም» እያሉ መሳቂያ አደረጉት። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። በመጨረሻ የሺ ሳይክሉን በረንዳ ላይ ሰቀለችው። ሰይድም ከዚያ ወዲያ የማንንም ሳይክል አልነካም።

አሁን የት ነው ያለሁት? ጋልቨስተን፣ ባሕሩ አጠገብ፣ ከሰይድ ጋር፣ አንድ የሞቴል ክፍል ውስጥ። የሺ አንድ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር በአውቶቡስ መጥታ፣ «ይሄን የባሕር ዳር መንገድ በሳይክል ነው ማየት» ብላ ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ። ሰይድ አልረሳም። ሙት ዓመቷ ካለፈ በኋላ መጣና ሳይክሏን ከበረንዳው አወረደ፣ ካቴናውን አጠበ፣ ፍሬኑን አሰረ፣ አዲስ ጎማ አደረገለት። «አንተ ትነዳዋለህ፣ እኔ በራሴ ሳይክል አጅብሃለሁ» አለኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ።

ተናድጃለሁ። ከዳላስ እስከዚህ ድረስ መኪናው ውስጥ አንድ ቃል አልተናገርኩም። እሱ ሐዘን መስሎት ዝም አለልኝ። ይኼም አናደደኝ።

ማክሰኞ

ጠዋት ስወጣ ሰይድ ተንበርክኮ ጎማዬን በአውራ ጣቱ ይጫናል። የፊቱን፣ የኋላውን። «አብሽር መኬ፣ ድንጋይ ሆኗል።»

ማነህና ነው የምታጽናናኝ ልለው ነበር። ቁርሴን ጨርሼ ተነሳሁ።

ፌሪ፣ የማሻገሪያውን መርከብ፣ ተሳፍረን ማዶ ወዳለው ቦሊቫር ተሻገርን። የባሕር ወፎቹ መንቁራቸው ከረጢት ነው፣ እንጨት ላይ ተደርድረው የሽማግሌ ጉባኤ ይመስላሉ። ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳል። ሰይድ ግን መርከቧ የምትተወውን አረፋ ነበር የሚያየው።

«የየሺን ጎማ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነክሬ እንደዚህ አረፋ ስፈልግ ነበር» አለ። «አንዲት ፊኛ አትወጣም። ወላሂ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። ቀዳዳውን ሳላገኘው ሞተች።»

ባሕሩን አየሁ። መዋኘት አልችልም እንጂ እዘል ነበር።

ከፌሪው ስንወርድ መንገዱ ሜዳ ነው። በቀኝ ባሕር፣ በግራ በረጅም እንጨት ላይ የቆሙ ቤቶች፣ ከሥራቸው ጀልባና መኪና ፓርክ ተደርጓል። ውብ ነው። አላስደሰተኝም። ሰይድ ሳይክሎቹን አጠገብ ለአጠገብ አቁሞ ፎቶ አነሳና የሾፌሮቹ የስልክ ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ወዲያው መልስ መጣ። «ጎማው እስካሁን አለ?» የሚል። ሌላው ደግሞ «ሰይዶ፣ ፓምፕ በሄሊኮፕተር እንላክልህ?» ሰይድ አነበበልኝና ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

እኔ ከኋላ ሆኜ ጀርባውን እያየሁ ነዳሁ።

ረቡዕ

ጾም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀመስኩም። ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። ፒክ አፕ መኪኖች የአስፋልቱን ጠርዝ ይዘው ያልፋሉ፣ አንዱ ጡሩምባ ነፍቶ ሊገድለኝ ነበር። አማርኛ የማይችለውን ሰውዬ በአማርኛ ሰደብኩት። ጾሜን አፈረስኩት ማለት ነው።

ሰይድ አይጾምም፣ ግን አይበላም። ሳንድዊቹ ቦርሳው ውስጥ እየሞቀ ነው።

«ለምን አትበላም?»

«አንተ ሳትበላ?»

«እኔን ምን አገባህ! ብላ! ደግነትህን እዚያው!»

መንገድ ዳር ጮህኩበት። እሱ ፀሐዩ መታው ብሎ ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቴ ላይ አደረገልኝ። ከዚያ ለሶላት ፈቀቅ አለ። ሁለቱን ሳይክሎች ይዤ ቆሜ፣ ሲሰግድ ሳየው፣ እኔም አባታችን ሆይ ጀመርኩ። «በደላችንን ይቅር በለን» ላይ ስደርስ ተውኩት።

ለምን አደረግሁት? ሁሌ ለራሴ የምነግረው፣ ቤተ ክርስቲያን «ባለቤትህ በሳይክል ስትከንፍ አየናት» ብለው ስለሳቁብኝ ነው የሚል ነበር። አይደለም። እንደሱ ቢሆን አትንጂ ብዬ እጣላታለሁ። አንድ ቅዳሜ በመስኮት አይቻት ነበር። ፓርኪንጉን ትዞራለች፣ እግሯን ከፔዳሉ አንስታ ብቻዋን ትስቃለች። እኔ ቤት እያለሁ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። እሷን ነው ያስተነፈስኳት።

ሐሙስ

የሆነውን በየተራው ልጻፈው።

ሃይ አይላንድ ከምትባለው መንደር ተነስተን ባሕሩን ወደ ኋላ ተውነው። አንድ ትልቅ ድልድይ ወጣን፣ እኔ እየገፋሁ፣ ሰይድ እየነዳ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የሩዝ እርሻ፣ ከብትና ነጫጭ ወፍ ነው። ትንሽ እንደሄድን የኋላ ጎማዬ ለሰለሰ። እሾህ።

ሰይድ ፊቱ በራ። ሳይክሉን ገለበጠ፣ የውስጡን ጎማ አውጥቶ ነፋውና የእርሻው ቦይ ውስጥ ነከረው። እየዞረ፣ እየጨመቀ። ድንገት ፊኛ በፊኛ ላይ ትር ትር ብላ ወጣች።

«አገኘሁት! መኬ፣ አገኘሁት! ና እያት!» እንደ ሕፃን። «እቺን ነበር እኮ ያኔ ያጣኋት!»

«ያኔ ቀዳዳ አልነበረውም!» አልኩት። አልኩት ነው የምለው? ከብቶቹ እስኪደነግጡ ጮህኩ። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የማስተነፍሰው! ምን ያንገበግብሃል? እጅህ ደህና ነው! እኔ ነኝ!»

በንስሐ ድምፅ አልነበረም። እሱ የበደለኝ ይመስል ነው የጮህኩበት።

ጎማውን ከቦዩ አወጣ። አደረቀው፣ ለጠፈው፣ መለሰው፣ ነፋው። ሁሉንም ጨረሰ። ከዚያ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«ከላይብረሪው ድረስ በዚያ ፀሐይ እየገፋች የመጣች ቀንም?»

«አዎ።»

«ጋራዤ በር ላይ ቁጭ ብላ፣ ‹ሰይዶ፣ አንተን አደከምኩህ› ስትለኝ አንተ የት ነበርክ?»

«ቤት።»

«ምሳህን እየበላህ።»

«አዎ።»

ጎማውን በአውራ ጣቱ አልተጫነውም። ሳይክሉን አቁሞ ሰጠኝና ሄደ። ከሩቅ ሸሚዙ ብቻ ይታየኝ ነበር። አልጠበቀኝም፣ ግን ከዓይኔም አልጠፋም። ዊኒ ከተማ ስደርስ ሞቴሉ ደጅ ላይ ሳይክሉ ቆሟል። ለብቻው ሩም ይዟል።

አርብ

ዝናብ። መንገድ የለም። ጠዋት የሰይድን በር አንኳኳሁ። ከፈተ፣ ግባ አላለኝም።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ይቅር ልበለው ወይ ብዬ እሷን አግኝቼ ብጠይቃት ጥሩ ነበር» አለኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ግሩፑ ላይ ዛሬም አንዱ፣ «ሰይዶ ድምፁ ጠፋ፣ ተነፈሰ እንዴ?» ብሎ ጽፏል፣ ከሥሩ ሳቅ በሳቅ ነው። «ለእኔ ቦይ ዳር ነገርከኝ። እዚህ ግን ስንት ዓመት ነው የሚሳቀው? ማለቴ፣ አላስገድድህም።» በሩን ዘጋ።

ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ተናግሬ አልበቃውም? ክፍሌ ገብቼ ወዲያ ወዲህ ስል ረፈደ። ግሩፑ ውስጥ ከሾፌሮቹ መሃል የሰንበት ትምህርት ቤት ሰዎች አሉ፣ ልጁን የዳርኩለት ሰው አለ፣ የየሺ የአክስት ልጅ አለ። «ጋሽ መኮንን» ነው የሚሉኝ። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ለመጻፍ ሞከርኩ። ስጽፍ ማሳመር ጀመርኩ፤ «ሳላስበው»፣ «በወቅቱ» እያልኩ። አጠፋሁት። የድምፅ መልእክት መቅጃውን ተጭኜ እንዲህ አልኩ።

«መኮንን ነኝ። የየሺን ጎማ አርብ አርብ በክብሪት እንጨት የማስተነፍሰው እኔ ነበርኩ። ሰይድ የነካው ሁሉ ደህና ነበር። ስትስቁበት አብሬያችሁ ስቄያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የምትስቁ ከሆነ በእኔ ሳቁ።»

ላክሁት። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ ጾሜን አልፈታሁም። መብላት አቃተኝ። ነገ ጋልቨስተን ወደተውነው መኪና አብረን እንመለስ፣ ለየብቻ እንመለስ አላውቅም። ግሩፑ ላይ ማንም አልሳቀም።

የዚህ ሞቴል ግድግዳ ስስ ነው። ከማዶ፣ ከሰይድ ክፍል፣ የራሴን ድምፅ ሰማሁ፤ «መኮንን ነኝ» ሲል። እስከ መጨረሻው ሄደና ቆመ።

ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።