የማቪስ ሰማያዊ ዶቃ

ኦክቶበር 6
ዛሬም ዝናብ። እንጨቱ ስለረጠበ ቆዳ ማጠን አልተቻለም። አምስታችንም አንድ ጠረጴዛ ከበን ስንሰፋ ዋልን። አክስቴ ማቪስ በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ከሁላችን ቀደመች። ዓይኔ ደከመ ትላለች፤ የሰው ጉድ ለማየት ግን አልደከመም።

ኦክቶበር 9
ከከተማ ተደወለ! ትልቅ መደብር ነው። ከጎረቤት አገር ጋር በንግድ ከተኮራረፍን ወዲህ ሁሉም የአገር ልጅ ዕቃ ፈላጊ ሆኗል። ስልሳ ጥንድ የአጋዘን ቆዳ ጫማ፣ ፊቱ ላይ የዶቃ አበባ ያለው። ከወደዱት በረዶው እስኪቀልጥ ያዛሉ። አንዳችንም ሥራ ፍለጋ ከሐይቁ ማዶ አንሰደድም ማለት ነው።
ለአክስቴ ስነግራት "ከሁሉም ቀድመን እዚህ የነበርን እኛ ዛሬ ገና የአገር ሰው ሆንን?" ብላ መርፌዋን ቀጠለች።

ኦክቶበር 27
ስልሳውን ላክን። ጣቴ ቆስሏል።

ኖቬምበር 1
አክስቴ ሳሉ ጠናባት። በትንሿ አውሮፕላን ሆስፒታል ወሰዷት። ሻንጣዋ ውስጥ ዶቃና ክር ከተተች... እዚያም ልትሰፋ።

ኖቬምበር 3
ጫማዎቹ ተመለሱ። ስልሳውም። ሳጥኑ ላይ ወረቀት፦ በየጥንዱ የአንድ ዶቃ ቀለም ተሳስቷል፣ ታርሞ በአሥራ አምስት ቀን ይምጣ።
ስሕተት! ሆን ብለን እንደምንከታት ማን ይንገራቸው? የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ "እንከን የሌለው ሥራ የፈጣሪ ነው፤ አንቺ ማን ነሽ?" ብላ ያስተማረችኝ አክስቴ ናት። ሁላችንም ያቺን ዶቃ የምንከትበት የየራሳችን ቦታ አለን። የእሷ ሰማያዊ ናት፣ በግራ ጫማ፣ በቀዩ አበባ መሃል።
ላስረዳ ደወልኩ። የመደብሩን ሴትዮ ድምፅ ስሰማ አፌ ተሳሰረ። "እናርማለን" አልኩ። ለምን? ትእዛዙ እንዳይቀር ፈርቼ።

ኖቬምበር 5
አብራን የምትሰፋው ግላዲስ አልነካም አለች። ሌሎቹም እምቢ። ብቻዬን እፈታለሁ።

ኖቬምበር 8
ከአክስቴ ጫማዎች ደረስኩ። አሥራ አራት ጥንድ። ሰማያዊዋን እያወጣሁ ቀይ ተካሁ። መሃል ላይ ራሷ ከሆስፒታል ደወለች።
"ጫማዎቻችንን ወደዱልን?"
"ወደዱ፣ አክስቴ።"
"ሰማያዊዋንስ አዩዋት?"
"ቆንጆ ናት አሉ።"
መርፌው እጄ ላይ ነበር። እንዴት አፌ ቻለ?

ኖቬምበር 11
አክስቴ ማቪስ ዛሬ ጠዋት ሞተች።

ኖቬምበር 12
አስከሬኗ መጣ። ወንዶቹ ደጅ እሳት አነደዱ፤ እንደ ወጋችን አራት ቀን አይጠፋም። ግላዲስ ጫማዋን አምጪ አለችኝ። መንገዷ ሩቅ ነው፣ ራሷ የሰፋችውን አድርጋ ትሂድ። ቤቷ ውስጥ ፈለግን፤ ነጠላ ጫማ ብቻ። ለሰው ስትሰፋ ለራሷ ሳትደርስ...
የምንሰፋበት ቤት ሄጄ ሳጥኑን ከፈትኩ። ስልሳ ጥንድ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። የእሷ የቱ ነው? አገላበጥኩ። ስፌቱን በጣቴ ዳሰስኩ። ግን ሁላችንንም ያስተማረችን እሷ፤ ስፌታችን ሁሉ የእሷን ይመስላል። መለያዋ ያቺ ሰማያዊ ዶቃ ነበረች። እኔ ነቀልኳት። በገዛ እጄ።
መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ግላዲስ መጥታ አገኘችኝ። ሁሉን ነገርኳት፣ በስልክ የዋሸሁትንም። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ሳጥኑን ወደ እኔ ገፋችው።
"አንዱን አንሺ" አለችኝ። "እግሯ ይበርዳታል።"

ኖቬምበር 15
ተቀበረች። እግሯ ላይ ያለው የእሷ ይሁን የሌላ ሰው ሥራ አላውቅም። መቼም አላውቅም።

ኖቬምበር 16
ቀሪውን ላክሁ።

ኖቬምበር 24
መደብሩ ደወለ። እንከን የለሽ ነው አሉ። ሁለት መቶ ጥንድ አዘዙ። ከስልሳው አንድ ጥንድ ጎድሏል ይላሉ።
አዎ፣ ጎድሏል።
ለሴቶቹ ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም። ስፈልገው የኖርኩት ይሄ አልነበር?

ዲሴምበር 2
ለሴትዮዋ ደወልኩ። አሁን አፌ አልተሳሰረም። በየጥንዱ አንዲት የተሳሳተች ዶቃ ትኖራለች፣ ካልፈለጋችሁ ትእዛዙ ይቅር አልኳት። አለቆቼን ልጠይቅ አለች። እስካሁን መልስ የለም። ከቀረ ግላዲስ ከሐይቁ ማዶ ልትሄድ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ደውዪ ያለችኝ እሷ ናት።
አራት ሆነን እንሰፋለን። የአክስቴን ወንበር ማንም አልነካውም። ዛሬ አንድ ግራ ጫማ ጨረስኩ። በቀዩ አበባ መሃል ሰማያዊ ዶቃ አለች።
የእኔ ቦታ ተረከዙ ጋ ነበር።