ካርዷን ቀለም ለቀቡልን ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር አቶ ደምለው፣
የድምፅ ቅርስ ማቆያ ማእከል ኃላፊ፤
ደባርቅ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? የደባርቅ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ቢሮዎ ፀሐይ የሚገባበት መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ጤናዎን ይጠብቁ፤ እርስዎ አንድ ቀን ታመው ቢቀሩ ሥራው ሊሠራ ይችላልና።

ይህን የምጽፍልዎ የነፍስ ኄር መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ልጅ፣ ወይዘሮ አመተ ማርያም፣ ለምናኝ ነው። መሪጌታ ያረፉት ለተማሪዎቻቸው የድጓውን እኩሌታ አስተምረው ነው። ቀሪው በገዛ ድምፃቸው ተቀድቶ በማእከልዎ ኤክስተርናል ዲስክ ውስጥ አለ፤ ሌላ ቅጂ የለውም። በቀብራቸው ዕለት ከልጃቸው በላይ ጮኸው ያለቀሱት እርስዎ ስለ ነበሩ (ዳባት እስካሁን ያወራዋል) ይህን ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

አንደኛ፣ የማእከሉ ላፕቶፕ አሮጌ ነው። ከዲስኩ መቅዳት ሲጀምር ይንፏቀቃል፣ ሳይጨርስ መብራት ይሄዳል፣ ባትሪውም ስለ ሞተ ሥራው እንደገና ከሀ ይጀመራል። ላፕቶፑ ግን ጎኑ ላይ የማስፋፊያ ካርድ መክተቻ አለው፤ ካርዷ ስትገባ ከውጭ የሚሰካ ዲስክ በፍጥነት ይገለበጣል። አመተ ማርያም ካርዷን ከጎንደር አስመጥታ በሁለት እጇ አስረከበችዎ። ርክክቡን ፎቶ ስላስነሡልን እናመሰግናለን፤ ካርዷም ከቦርጭዎ ጀርባ በመጠኑ ትታያለች።

ሁለተኛ፣ «ቁጥር ያልተጻፈበት ዕቃ ከማእከሉ ንብረት ጋር አይነካካም!» ብለው፣ ከወንበሮቹ በተረፈው የዘይት ቀለም የንብረት ቁጥር አስጻፉባት። ወንበር ይቀመጡበታል እንጂ ኤሌክትሪክ አያልፍበትም። ካርዷ ትንሽ ስለ ሆነች ቁጥሩ አልበቃ ብሎ ከላፕቶፑ ጋር የምትገናኝበትን ጫፏን ጭምር ሸፈነው። የኮምፒውተር ሠራተኛዋ ሸጊቱ «ኧረ ጋሼ፣ እሱን ጫፍ አይንኩት!» ብትል፣ «አንቺ ልጅ፣ እኔ ንብረት ስመዘግብ አንቺ መች ተወለድሽ!» አሏት። ዕድሜዎን ስለ ገለጡልን እናመሰግናለን፤ ያን ያህል ዘመን ምንም ሳይማሩ መኖር ጽናት ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ ካርዷ አልገባም ስትል «አዲስ ጫማም እኮ መጀመሪያ ይጠብባል» ብለው በመዳፍዎ ደለቋት። መክተቻው ከውስጥ ተሰበረ። እነሆ ዛሬ ሌላ ካርድ ቢመጣም የሚገባበት የለም፤ ከእንግዲህ የሚቀባ ነገር አናስቸግርዎትም።

አራተኛውን ሳልጽፈው ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ስለ ጀመረ፣ አመተ ማርያም ሳይሞት ጎንደር ወስዳ ላስገልብጠው ብላ መጣች። እርስዎ ግን «የማእከሉ ንብረት ከግቢ አይወጣም» አሉ። ከበርዎ ስትወጣ አገኘኋት። «አባቴን ቀብሬ፣ ድምፁን ደግሞ ዋስ ጠርቼ ላስፈታ?» አለችኝ። ለእርስዎ ያዘንኩት ያኔ ነው፤ እንዲህ ያለ ቃል ከበርዎ ውጭ ሲነገር እርስዎ ቀድመዋት ምሳ ወጥተው ነበር።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ዲስኩን ለአንዲት ቀን ይልቀቁላት።

ከወንበርዎ ሳይነሡ ሸምግለው፣ የልጅ ልጆችዎንም በዚያው ግቢ በንብረትነት ተመዝግበው እንዲያዩ የምትመኝልዎ፣
አክባሪዎ እስከዳር፣ ዓምደኛ፤
ከዳባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ወደ ማተሚያ ቤት ልልክ ስል ሸጊቱ ደወለችልኝ። እርስዎ «ያለ ካርድም ይሠራል፣ ላሳያችሁ» ብለው ዲስኩን ሰኩት አሉ፤ መሀል ላይ መብራት ሄደ፤ መብራቱ ሲመለስ ዲስኩ አልተመለሰም። ልመናዬን ትቻለሁ። አመተ ማርያም ግን ለአባቷ ተዝካር ጠርታዎታለች፣ እንዳይቀሩ። የመሪጌታ ተማሪ ቃለ አብ የሚያውቀውን ያህል ያዜምና ያቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የወሰዱት እርስዎ ነዎትና፣ ተነሥተው ይቀጥሉልን።