ለሦስት ሰው ሁለት ቅጽ

ሐሙስ፣ ጥር 14

ሹካ በግራ፣ ቢላ በቀኝ። ሶስና ዛሬ ሦስት ጊዜ አረመችኝ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እናቷን ማረም ከጀመረች ወዲህ ደስታዋን አልቻለችውም።

ዘጠኝ ቀን ቀረን። የዚህኛው ቅዳሜ አይደለም፣ የሚቀጥለው ነው ብዬ በጣቴ ስቆጥር ዋልኩ። ጥር 23 ቅዳሜ ነው፤ ወደ ዱባይ እንበራለን። እሑድ መርከብ ላይ እንወጣለን። ሰባት ቀን ባሕር ላይ!

ትልቋ ልጄ ሕይወት እዚያ መርከብ ላይ አስተናጋጅ ናት። ሦስት ዓመት አላየኋትም። ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚሰጥ የመንሸራሸር ዕድል አለ፤ ዘንድሮ ደረሳት። ካርድ ክፍል ቁጭ ብዬ የበሽተኛ ካርድ ስፈልግ መርከቡ ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። ዛሬ አንድ ሽማግሌ "ምን ያስቅሻል? እኔ አሞኝ ነው የመጣሁት" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ሕይወት የመርከቡን ደንብ በቴሌግራም ልካለች። ሶስና በአማርኛ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው፦

እራት ከምሽቱ አሥራ ሁለት ተኩል። ሩብ ሰዓት ያረፈደ አይገባም። (ሶስና ሁለት ጊዜ አስምራበታለች፤ አባቷን አስባ ነው።)

በቁምጣ፣ በነጠላ ጫማ፣ በዋና ልብስ ወደ እራት አዳራሽ አይገባም። ወንድ ኮፍያውን ያወልቃል።

ሁለት ምሽት የክት ይለበሳል። ለወንድ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ። ለሴት ረጅም ቀሚስ። የሐበሻ ቀሚስ ይሆናል ወይ ብዬ አስጠየቅሁ። ይሆናል!

ወንበር ላይ ልብስ ጥሎ "ተይዟል" ማለት የለም።

አስተናጋጅ ሲመጣ ከመቀመጫ አይነሱም። ላግዝ ብሎ ሳህን መደራረብ የለም።

አስተናጋጇን አያቅፉም፣ አያጎርሱም።

የመጨረሻዋ መርከቡ ያወጣት አይደለችም። ሕይወት ለእኔ ያወጣቻት ናት። የእኛን ጠረጴዛ የምታስተናግደው ራሷ ናት፤ አለቃዋ የፈቀደላት እንደ ማንኛውም መንገደኛ ከሆንን ነው። ከሥራ ስትወጣ የፈለግሽውን ያህል እቀፊኝ ብላለች። ሦስት ዓመት ያላየኋት ልጅ ሾርባ ይዛ ስትመጣ "አመሰግናለሁ" ብዬ ዝም። እሞክራለሁ።

አመሻሽ ላይ ጋሽ ወልዴ መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት በሆቴል አሳላፊነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ሊያለማምዱን ቃል ገብተው ነበር። ነጭ ፎጣ ክንዳቸው ላይ ጣል አደረጉና ሰው ተለወጡ። ባለቤቴን አሰፋን፣ "አንተ" የሚሉትን ሰውዬ፣ "ጌታዬ፣ ድንች ልጨምርልዎት?" አሉት።

አሰፋ ሳህኑ ባዶ ነው። "አይ፣ ይበቃኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለ።

ጋሽ ወልዴ ድንቹን ይዘው ሄዱ።

አሰፋ ሳህኑን አየ። ድንቹን አየ። እኔን አየ።

"ጋሼ፣ ዝም ብለው ሄዱ እኮ!"

"ይበቃኛል አልክ።"

"አንድ ጊዜ ነው እኮ ያልኩት!"

"መርከብ ላይ አንድ ጊዜ ይበቃል። በሞቴ የሚልህ የለም። ከፈለግህ አዎ፣ ካልፈለግህ አይ። ይሉኝታህን ወደቡ ላይ ትተህ ግባ።"

ድንቹን ሶስና ጨረሰችው።

ዓርብ፣ ጥር 15

ከመርከቡ ቅጽ መጣ! እያንዳንዱ መንገደኛ የማይበላውን፣ የሚወደውን የሚሞላበት። ለአንድ ሰው አንድ ቅጽ። ይህን ያህል የተጠየቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ አልኩ። ነነዌም መርከብ ላይ ልትውልብን ነው፤ ሁለተኛው የክት ምሽት ማክሰኞ ነው፣ በጾሙ መሃል። ለብሼ፣ ተኳኩዬ፣ ጎመን ልበላ ነው። ግድ የለኝም።

ከዚያ ሶስና "እማ፣ ሁለት ብቻ ነው የመጣው" አለች። የእኔና የእሷ። የአባቷ ይከተላል ብለን ጠበቅን። አልተከተለም። ሶስና ለሕይወት ጻፈችላት። ሕይወት በድምፅ መለሰች፦ "አባዬ እኮ አልመጣም ብሏል። ኅዳር ላይ ጠይቄው ነበር። የስም ዝርዝሩ ራሱ ሰኞ ማታ ይዘጋል።"

ያኔ ስትደውል አጠገቡ ነበርኩ። "አባዬ፣ አንተም ትመጣለህ አይደል?" አለችው። እሱም "አይ፣ እኔ ምን ልሠራ? እናትሽና እህትሽ ይበቃሉ፤ አትቸገሪ" አላት። "እሺ አባዬ" አለች። እኔም እሱም ደግማ እስክትጠይቅ ጠበቅን። ከዚያ ሌላ ወሬ መጣ። እኛ ቤት ጉዳዩ ያለቀ መስሎን ነበር፣ እሺ ብሎ። እዚያም ያለቀ መስሏታል፣ እምቢ ብሎ።

አሰፋ ዘነበወርቅ ነው የሚሠራው፣ ብየዳ ቤት። ሲመጣ ነገርኩት። እጁን ታጠበ። በጣም ቆየ።

"ልክ ናት፤ ብያለሁ" አለ።

"ስትግደረደር እኮ ነው!"

"ተግደርድሬም ቢሆን ብያለሁ።"

የሠርጉን ሙሉ ልብስ ቀራንዮ ያለ ልብስ ሰፊ ጋ በልኩ አሠርቶ ሰኞ ነው ያመጣው። ይሄን ለሕይወት ልንገራት ስል እጄን ያዘኝ። "ብትነግሪያት ተጣላን። ልጄን ውሰጂኝ ብዬ ልለምናት ነው?"

አልነግራትም አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ቢሆንም ዛሬ ደስ ብሎኝ ዋለ። ልጽፈው አፈርኩ፤ ግን እውነት ነው። ለሶስና ጫማ ተገኘ። የእኔ ቀሚስ ጥበቡ አልደበዘዘም። ሶስና መስተዋት ፊት እንደ መንገደኛ ሄደች፣ እንደ መንገደኛ ተቀመጠች። ሊፍት ስንጠብቅ የሚወጡትን አስቀድመን እንደምንገባ በመኝታ ቤቱ በር ተለማመድን። አሰፋ ከውስጥ እየወጣ "ይቅርታ፣ አራተኛ ፎቅ ነው?" አለን።

ለእራት ልምምድ "እኔ ስለማልሄድ አሳላፊ ልሁን" አለ። ጋሽ ወልዴ ፎጣውን ሰጡት። ጎበዝ ነው! የብየዳ እጅ ትኩስ ሳህን አይፈራም። በቀኝ በኩል ውኃ ቀዳ፣ ፍርፋሪ ጠረገ። እኔ ጋ ሲደርስ ግን፦

"ጥብስ ልጨምር?"

"አይ፣ አመሰግናለሁ።" እውነትም ጠግቤ ነበር።

"ትንሽ። ይቺን ብቻ። በሞቴ!"

"ተባረሃል!" አሉ ጋሽ ወልዴ። "ከሥራ ተባረሃል፤ ፎጣዬን አምጣ!"

ሶስና ሳቋን መያዝ አቅቷት ከወንበር ወረደች። እሱም ሳቀ።

የኔ ድል፦ ሰላጣው ሲቀርብልኝ በመጀመሪያው "አዎ፣ እባክህ" አልኩ። ሆዳም የሆንኩ መሰለኝ። ሰላጣውን ግን በላሁት።

ጋሽ ወልዴን እስከ በር ሸኘኋቸውና የቅጹን ነገር ነገርኳቸው። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንት ሰው ከሞላ ማዕድ ርቦት ሲነሳ አይቻለሁ መሰለሽ። ፈረንጁ አይደለም፤ የኛው ሰው ነው። እኔም አሳላፊ ነኝ፣ ሳህኑን አንስቼ እሄዳለሁ። ምን ላድርግ?" አሉ። ከዚያ ዞር ብለው "አንቺ እንዳትናገሪለት። ራሱ ይበል" አሉኝ።

እሑድ፣ ጥር 17

ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ስንመለስ ሕይወት ደወለች፣ በምስል። የደንብ ልብሷን ለብሳለች። ከስታለች። አይ፣ አልከሳችም፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛው ነው።

ስልኩን ለአሰፋ ሰጠሁት። ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት።

"አባዬ፣ ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ። ሥራ እንዴት ነው?"

"ጥሩ ነው። ለእነ እማዬ ሁሉን አዘጋጅቼያለሁ። አንተ ብቻህን አይከብድህም?"

ረገጥኩት።

"አይ፣ እኔ ምን ይከብደኛል" አለና እግሩን ሰበሰበ።

በሩ እንዲህ ነው የተከፈተለት። ራሱ ዘጋው። ስልኩ ሲዘጋ ጮህኩበት። ደጋግሜ ነገ ይዘጋል፣ ነገ ይዘጋል አልኩት። ሶስና ወደ ውጭ ወጣች።

"ልጅ ሆኜ ሰው ቤት የቀረበልኝን ሦስት ጊዜ እምቢ ሳልል ከተቀበልኩ አባቴ ጭኔን ይቆነጥጠኝ ነበር" አለ። "እንግዳ ፊት እየሳቀ፣ በጠረጴዛው ሥር።"

"አባትህ ሞተዋል" አልኩት። ክፉ ነገር ነው ያልኩት። ይቅርታ አልጠየቅሁም።

ለሕይወት መልእክት ጻፍኩ። አጠፋሁ። እንደገና ጻፍኩ። አጠፋሁ። ለጋሽ ወልዴ ብዬ አይደለም። ለእሱ ብናገርለት ዕድሜ ልኩን "እናትሽ ናት ያስቸገረችሽ" ይላታል።

ሰኞ፣ ጥር 18

ካርድ ክፍል ዛሬ የሁለት ሰው ካርድ አቀያየርኩ። ተሳድበው ሄዱ።

በምሳ ሰዓት ለአሰፋ ደወልኩለት፤ አያነሳም። የብረት መፍጫው እየጮኸ አይሰማም ይሆናል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወልኩ፤ አያነሳም። በቃ፣ ተወው አልኩ። ሁለታችን እንሄዳለን፤ ፎቶ እናመጣለታለን። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ፎቶውን ሲያይ ታየኝ፤ "ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" ሲል። ከፌርማታው እስከ ቤት በንዴት ሄድኩ።

ቤት ቀድሞኝ ገብቷል። ከነሥራ ልብሱ ተቀምጧል።

"ደወልኩላት" አለ።

ማውጣጣት ነበረብኝ። በምሳ ሰዓት ከተደረደሩት የብረት በሮች ጀርባ ሄዶ ቆመ። አራት ጊዜ ደወለ። በአምስተኛው አነሳች። ምን ሆነህ ነው ብላ ደነገጠች፤ ራሱ ደውሎላት ስለማያውቅ።

"ምን አልካት?"

"መምጣት እፈልጋለሁ አልኳት።"

"እንዲህ ብቻ?"

"ሌላ ምን አለው?"

ሕይወት "አባዬ፣ ታዲያ ለምን እምቢ አልክ?" አለችው። "እምቢማ እላለሁ፤ አንቺ ነሻ ደግመሽ ያልጠየቅሽው!" አላት። እሷም "እዚህ እኮ አልፈልግም ያለን እንግዳ ደግሞ መጠየቅ ነውር ነው እየተባልኩ ነው የሠለጠንኩት" አለችው። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። እሷ መጨረሻ ላይ አለቀሰች፣ እሱ አላለቀሰም። እሱ እንደሚለው ከሆነ።

አለቃዋን ትጠይቃለች። ክፍላችን ለአራት የሚሆን ነው። የሦስታችንንም የፓስፖርት ቅጂ ኅዳር ላይ ልከንላት ስለነበር በእጇ አለ። ግን የመጨረሻው ቀን ነው። የአውሮፕላኑም ነገር አለ። ቃል አልገባም ብላዋለች።

የእሑዱን ይቅርታ ጠየቅሁት። "ስለ ምኑ?" አለኝ። ያውቃል።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ሦስተኛው ቅጽ መጣ!!

ካርድ ክፍል ነበርኩ። ጮህኩ። ወረፋው በሙሉ ዞረ። አንዲት ሴት "ወለደች?" አለችኝ። አዎ አልኳት፤ ማብራራቱ ይረዝማል።

አውሮፕላኑ ላይ ቦታ ተገኝቷል፣ ከእኛ ርቆ ከኋላ። የእኔና የሶስና ቪዛ ዛሬ ወጣ። የአሰፋ ግን ገና ዛሬ ገባ። ሐሙስ ወይ ዓርብ ይደርሳል፣ ከደረሰ። ቅዳሜ በረራው ነው። ስለዚህ ጮቤ ረገጥኩ፣ ቆምኩ፣ እንደገና ረገጥኩ።

ማታ ቅጹን ሞላንለት። ሶስና ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

"የማይበሉት?"

"ከጾሙ ሌላ ሁሉን እበላለሁ በዪ።"

"የሚወዱት?"

"ያገኘሁትን።"

"አባዬ፣ ያገኘኸውን አይልም። የምትወደውን ነው የሚለው።"

ጣሪያውን አየ። እኔ ክትፎ ብዬ መጻፍ ጀምሬ ነበር።

"ዓሣ" አለ።

ሃያ ሰባት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት አብስዬለታለሁ። አንድ ቀን ዓሣ ብሎ አያውቅም።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ዝዋይ ከምሠራበት ጊዜ ጀምሮ። ሳላገባሽ። የተጠበሰ፣ ሎሚ የተጨመቀበት።"

"እና ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽኝም" ሊል ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። "አንቺ ሽታውን አትወጂውም" አለ። እውነት ነው፤ አልወደውም። ክትፎውን ሰርዤ ዓሣ ብዬ ጻፍኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ቪዛ የለም።

ሻንጣ ተሞላ። ተመዘነ። በዛ። ዳቦ ቆሎው ወጣ። ሽሮው ወጣ። ዳቦ ቆሎው ተመለሰ። ሕይወት ምግብ አይገባም ብላለች፤ በሩ ላይ ከተያዘ እንደማላውቅ እሆናለሁ።

ጋሽ ወልዴ ለአሰፋ የከረባት አስተሳሰር አሳዩት። ሶስና ቀድማቸው ከስልክ ተምራ ስለነበር ሁለቱ በአንገቱ ላይ ተጨቃጨቁ። እሱ እንደ በግ ቆሞላቸው።

ነገ አስተርዮ ማርያም ናት፤ ዱባይ ግን የሥራ ቀን ነው። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ስለ ቪዛ መለመን ያሳፍራል? አያሳፍርም።

ከሥራ ሲመጣ ፀጉሩን ተቆርጦ ነበር። ምን አስቸኮለህ አልኩት፣ ቪዛው ይምጣ እንጂ። "ፀጉር አድጎ ነው" አለ። ቁጭ አለ። ሻይ አቀረብኩለት። ስኳር ልጨምር አልኩት፤ አዎ አለ።

ትንሽ ቆይቶ "ካልደረሰ እናንተ ሂዱ" አለኝ።

ይኸው ተመለሰ፣ ይኸው ሊግደረደር ነው አልኩ።

"ካልደረሰ ግን ይከፋኛል" አለ። "በጣም ነው የሚከፋኝ።"

ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። እኔም ይከፋኛል አልኩት።

ስልኩ መሃላችን ጠረጴዛው ላይ ነው። አሁን ጮኸ። ሦስታችንም ብድግ አልን።

የሶስና ጓደኛ ናት።