ውሃ ለታኪሃራዎች

እንደምን ሰነበትሽ ቶሞኤ፣

ይኸው ቶራኔ ተራራ ወጥቼ ነው የምጽፍልሽ። የእኛ ከተማ ግንብ በየዓመቱ ኖራ ይቀባል፤ እዚህ ከነበረው ግንብ ግን ከጥዶች ሥር የቀረው የድንጋይ ካብ ብቻ ነው። የታኪሃራ ወገን ሰባት ትውልድ ገዝቶበታል። በኋላ የእኔ ቅድመ አያቶች፣ ሙናሴዎች፣ መጥተው ከበቡት። በውጊያ አልቻሏቸውም፤ የሚጠጡትን ምንጭ ደፍነው ጠበቁ። በአርባኛው ቀን ሰብረው ሲገቡ በእግሩ የቆመ ሰው አላገኙም።

የእነዚያን ሟቾች መቃብር የሚጠርጉ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ጊሱኬ ይባላሉ፤ ከታኪሃራ ዘር የቀሩ ናቸው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

ልዋሽ አስቤ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። «የሙናሴ» አልኳቸው።

«አያቴ ቢሆኑ በዚህ መጥረጊያ ነበር የሚያባርሩሽ» አሉና የውሃውን ባልዲ ወደ እኔ ገፉት። «በይ አጠጫቸው። ከእናንተ ወገን እስከ ዛሬ ጠብታ የሰጣቸው የለም።»

በየመቃብሩ ድንጋይ ላይ ውሃ አፈሰስኩ። ስለቸኮልኩ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ።

«ቀስ በይ ልጄ፤ እነሱ እንደሆነ መጠበቅ ለምደዋል» አሉኝ።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። አባትሽን ደግሞ አደራ በይልኝ፤ ግንባችንን ለእንግዳ ሲያስጎበኙ ድላችንን ብቻ አውርተው አያብቁ፤ ምንጩን የደፈንነው እኛ እንደሆንን ይንገሩ።

ሙናሴ ሳዋ