ሣሩን ስለ መገልበጤ

አሰላ፣ መጋቢት 9 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለታናሽ እህቴ፣

የቀበሌውን ሊቀመንበር በአካፋ ፈነከተችው የተባለው ውሸት ነው። በዶማ እጀታ ነው፤ ያውም እጁን። አብዳለች የተባለውም ውሸት ነው። ይህን ካረምኩ በኋላ ልጠይቅሽ፤ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለው? እኔ ከሁለት ጥርሶቼ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያስተከለውን የግቢ ሣር መገልበጤ ግን እውነት ነው። ሣሩ በቀን አሥር ባልዲ ይጠጣ ነበር፤ ለሰው አይበላ፣ ለከብት አይታጨድ። ቀበሌው ቧንቧዬን ከቆረጠ ወዲህ ከቦኖ የሚደርሰኝ ሁለት ባልዲ ብቻ ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው ምክንያት ይህ ነው።

የካቲት 1 ቀን ጠዋት ሦስት ወጣቶች ደረታቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎ መንገድ ዳር ተጥለው ነበር። ያለቀሰላቸውም የቀበራቸውም እንደ እነሱ ይሆናል ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ከዚያ ሕዝቡም ጠባቂውም ለስብሰባ ሄደ። ጎረቤቴ ከዲሮ ጭድ የጫነ ጋሪውን እየነዳ ወደ ግቢዬ ገባ። ስብሰባው ሲበተን መንገድ ዳር የቀሩት ሁለት ናቸው።

ከሣሩ መካከል አንድ ቦታ ቆፍረን መልሰን ደፈንን። በለምለም ሣር ላይ የተቆፈረ መሬት እንደ ጠባሳ ይታያል። ከዲሮ አየውና “አዴ፣ ሁሉንም እንገልብጠው” አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ቆፈርን። የዝናብ ውሃ እንዲያቆሩ ቦዮቹን በዳገቱ አግድም ቀደድን፤ ድንች፣ ጎመንና ኮሰረት ተክለን እርጥበቱ እንዳያመልጥ ጭዱን አለበስናቸው። ከመካከል ከዲሮ ከጓሮው ነቅሎ ያመጣውን እንሰት አቆምን። እነ ከዲሮ በኦሮምኛ ዋርቄ ይሉታል። ውሃውን በግንዱ ስለሚያጠራቅም በበጋ ሰው አያስቸግርም።

በሦስተኛው ቀን አሰግድ ከአምስት ጠባቂዎች ጋር መጣ። ሊቀመንበሩ እሱ ነው፤ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። በብረት ዘንግ መሬቱን ይወጉ ጀመር። ውሻዬን በሁለት ጥይት ገደሉት፤ አንዱ ይበቃ ነበር። ከዲሮን “የት ቀበርከው?” እያሉ አፉን በሰደፍ ሲመቱት ደም እየተፋ “ድንች ነው የቀበርኩት፤ ሲደርስ ኑና ብሉ” አላቸው።

አሰግድ ዘንጉን እንሰቱ ሥር አሳረፈና “እትዬ፣ እዚህስ ምን አለ?” አለኝ።

“ፋንድያ ነው። እጅህን አንሳ” አልኩት።

“ካላነሳሁስ? እንደ ድሮው ሊያንበረክኩኝ ነው?” ብሎ ሳቀና ዘንጉን ተጫነው።

መታሁት። የአውራ ጣቱ አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ደገምኩት። ለመጀመሪያው ንስሐ ገብቻለሁ፤ ለሁለተኛው አልገባም።

ሁሉም እኔ ላይ ወረዱ፤ ዘንጉ ተረሳ። ዘጠኝ ቀን አስረው ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። “ሦስተኛው የት ነው?” ባሉኝ ቁጥር የድንች አተካከል አስረዳኋቸው። ያስፈታኝ አትክልቱ ነው። ከግብርና የመጡ ሹሞች ግቢውን አይተው “ያለ ቧንቧ ይህን ያለማችው ሴት የት አለች?” ብለው ጠየቁ። አሰግድም አንቺ ካለሽበት ከጎበሳ የድንች ዘር እንዳመጣ ትናንት የይለፍ ወረቀት በግራ እጁ ፈረመልኝ። ጽሕፈቱ ዛሬም አልተሻሻለም።

ስለ ልጅሽ ጠይቀሽኛል። እኔ ዘንድ ነው። አልራበውም፤ አልበረደውም። ሹራብ አትላኪለት። የቀረውን አልጽፈውም፤ እናታችን እንዲህ ያለው ነገር በአካል እንጂ በወረቀት እንደማይነገር አስተምራናለች።

ይህን የምታደርስልሽ ሀሊሜ የከዲሮ ሚስት ናት። አንብበሽ አቃጥይው። እስክመጣም እሷ አንቺ ዘንድ ትደር፤ ብቻሽን አትሁኚ።

የእናታችን አምላክ ጉልበትሽን ያጽና፤ ለሚመጣው ቀን የሚበቃ አቅም ይስጥሽ።

ታላቅ እህትሽ

ነገ አርባኛው ቀን ነው። መጀመሪያ የዕቃ እጣቢውን ለእንሰቱ አጠጣለሁ። ቀጥዬ የጋገርኩትን ዳቦ ለነድያን አድላለሁ። ከዚያ ከዲሮንና ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ከነገ ወዲያ ጎህ ሲቀድ በርሽን ስናንኳኳ እንዳይጮህብን ውሻሽን እሰሪው።